ሳይታይ የተኛው ፊልም

ባለፈው ሰኞ ናቲ የሚባል የሥራ ባልደረባዬ ላፕቶፑን አቅፎ ወደ ጠረጴዛዬ መጣ። ናቲ እዚሁ አትላንታ የተወለደ የሐበሻ ልጅ ነው፤ እጁ ወርቅ ነው፣ ትዕግሥት ግን አልፈጠረበትም። ለልጆች በምንሠራው ተከታታይ ፊልም ላይ የአያትየውን ድምፅ ይጫወቱልን የነበሩ ሰው በድንገት አርፈው፣ የመጨረሻዎቹ ክፍሎች ሳይቀረጹ ቀርተውብን ነበር።

«ራሔል፣ ዶንት ወሪ» አለኝ። «የድምፃቸው ሳምፕል አለን እኮ። ኮምፒውተሩ ላይክ፣ ራሳቸው የተናገሩት ነው የሚያስመስለው። ማንም አያውቅም።»

ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረገልኝ። ሰውየው በሕይወታቸው ተናግረውት የማያውቁትን ዓረፍተ ነገር ተናገሩ። እውነትም እሳቸው ናቸው፤ ጉሮሯቸውን የሚጠራርጉባት ነገር እንኳ አልቀረችም። ማዳመጫውን አወለቅኩት።

«ማንን ጠየቅክ?» አልኩት።

«ሊጋልን፣ ጠበቆቹን። ኦኬ ብለዋል።»

«ሊጋልን አይደለም የምልህ። ልጆቻቸውን ጠየቅክ ወይ?»

ልጁ ግራ ገባው። በኋላ እኔው ራሴ ደወልኩ፤ ሴት ልጃቸው በደግ አንደበት «አሁን አይሆንም» አለችኝ፤ እኛም ታሪኩን አያትየው ሳይኖሩበት ቋጨነው። ጉዳዩ በዚህ አለቀ። ናቲ ግን ምሳ ላይ ይህን ጥያቄ ከየት እንዳመጣሁት ጠየቀኝ፤ ሳንድዊቹን እስኪጨርስ ባጭሩ ነገርኩት። ባጭሩ የሚነገር አልነበረምና እዚህ ዘርዘር አድርጌ ላውጋው።

ከሁለት ሺህ አሥር ወዲህ ባሉት ዓመታት ነው፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር። ኮሌጅ ጨርሼ ብዙም አልቆየሁም። የተማርኩት አኒሜሽን ነበር። ዲቪ ደርሶን ስንመጣ ገና ልጅ ነበርኩ፤ ወላጆቼ ያን ሁሉ ውቅያኖስ የተሻገሩት ፋርማሲስት ለምትሆን ልጅ እንጂ ሥዕል ለምታንቀሳቅስ ልጅ አልነበረም። እናቴ አስናቀች ሆቴል ትሠራለች፤ አባቴ ታደሰ ከኤርፖርት ሰው ያመላልሳል። ሐበሻ ተሳፋሪ ገጥሞት «ልጅዎ ምን ተማረች?» ሲባል «ኮምፒውተር» ብሎ ያልፈዋል። ውሸት አይደለም፤ እውነትም አይደለም። አልፈርድበትም፤ ይህ ነው ብሎ የሚያሳየው ነገር አልሰጠሁትማ። ስሜ የተጻፈበት አንድ ፊልም በትልቅ ሸራ ላይ ቢያይልኝ ነገሩ ሁሉ የሚቃና ይመስለኝ ነበር። የዚያን ዘመን ምኞቴ ከዚህ አይበልጥም።

ሊንዳ የምትባል አሜሪካዊት አትላንታ አጠገብ ባለችው ፓይን ሌክ በምትባል ትንሽ ከተማ ውስጥ፣ ከሐይቁ ብዙም ሳይርቅ፣ ድሮ ጋራዥ የነበረ ቤት ስቱዲዮ አድርጋ ትሠራ ነበር። በወጣትነቷ መሐል አውስትራሊያ በረሃ ድረስ ሄዳ፣ የአገሩ ነባር ሕዝብ የሆኑት አቦርጂናሎች በሚኖሩበት አንድ ትንሽ መንደር ሥዕል አስተምራለች። ከመንደሩ ሰዎች ጋር ሆና የመንደሩን አመሠራረት የሚተርክ ዘጋቢ ፊልም በአኒሜሽን ስትሠራ ዓመታት አልፈዋል። «ስለ እነሱ የምትሠሪው ፊልም» የሚላትን ሰው ትቆጣለች፤ «ከእነሱ ጋር» ብላ ታርመዋለች። የቀረውን ክፍል አትላንታ ላይ ለመጨረስ ከመንደሩ ሁለት ሴቶች መጡ፤ እኔም ካሜራ እንድይዝ ተቀጠርኩ።

ትልቋ አንቲ ሜቪስ ነበሩ። «አንቲ» እነሱ ዘንድ እንደ እኛ «እትዬ» ነው፤ ዘመድም ባይሆኑ ይባላል። ሽበታም፣ ደልዳላ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ከመናገራቸው በፊት ሰውን ደህና አድርገው የሚያዩ ሴት ናቸው። አብራቸው የመጣችው የወንድማቸው ልጅ ሻንቴል የእኔ እኩያ ስትሆን ታስተረጉማለች፣ ትስቃለች፣ ስልኳን ከእጇ አትለይም። ሊንዳ የተከራየችላቸው አፓርትመንት ፎቅ ላይ ስለነበር የአንቲ ሜቪስ ጉልበት አልቻለውም። ለእናቴ ብነግራት ጉድ ፈላ።

«አሮጊት ሰው ደረጃ ላይ ይንገላታ? እኛ ምድር ቤት ባዶ ክፍል ቆልፈን?»

በማግስቱ ሁለቱም ታከር ከሚባለው ሰፈራችን እኛ ቤት ገቡ። ወቅቱ የሁዳዴ ጾም ነበር። እናቴ ጾመኛ ናት፤ ለእንግዳ ግን ሥጋ ካልቀረበ አልተስተናገደም ባይ ናት። ጥብሱን ትሠራለች፣ መቅመስ አትችልም፤ ስለዚህ ማንኪያ ይዛ ሻንቴልን ታሳድዳታለች። «ቴስት አድርጊልኝ የኔ ልጅ! ጨው አለው?» ሻንቴልም ሁልጊዜ «ትንሽ ይቀረዋል» ትላለች፤ ደግሞ እንድትቀምስ ነው። አንቲ ሜቪስ በበኩላቸው አንድ እሑድ ከጓሮ እሳት አንድደው፣ ሊጡን ረመጥ ውስጥ ቀብረው ዳቦ ጋገሩልን። አባቴ አመዱን እፍ እያለ በልቶ «ይሄማ የኛው ቂጣ ነው፤ ማን ወሰደላቸው?» አለ።

ስለ ፊልሙ ልንገራችሁ። የታሪኩ ባለቤት የአንቲ ሜቪስ ታላቅ ወንድም፣ የሻንቴል አጎት ነበሩ፤ አርጅተው መጓዝ ስላልቻሉ እዚያው መንደራቸው ነው ያሉት። ልጅ ሳሉ የከብት እርባታው ጌታ ወገኖቻቸውን ከነልጆቻቸው ከመሬቱ አባረረ። እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው በደረቅ አገር ተጓዙ። ውኃ አለቀባቸው። የደረቀ ወንዝ ላይ ሲደርሱ የእኚሁ ሽማግሌ ሴት አያት ተንበርክከው አሸዋውን በእጃቸው ቆፈሩ፤ ትከሻቸው ጉድጓዱ ውስጥ እስኪጠፋ ቆፈሩ፤ ውኃ ወጣ። መንደሩ የተቆረቆረው በዚያ ውኃ አፍ ነው። ከዚያ ጉዞ ተርፈው ፊልሙ ሲሠራ በሕይወት የነበሩት ሽማግሌው ብቻ ነበሩ። ድምፃቸው በራሳቸው ቋንቋ ተቀርጾ፣ ፊልሙ ከጫፍ እስከ ጫፍ በዚያ ድምፅ ላይ ነው የቆመው። ቃሉ ባይገባኝም ድምፁን ወደድኩት፤ ዝግ ያለ፣ እየቆየ የሚያርፍ፣ ሲስቅ የሚሰበር ድምፅ ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከሥሩ መብራት ያለው የመስታወት ጠረጴዛ አለ። አሸዋ ይነሰነስበታል። አንቲ ሜቪስ በጣታቸው ይሥላሉ፤ እኔ ከላይ በተንጠለጠለው ካሜራ አነሳለሁ፤ ጥቂት ይነካካሉ፤ እንደገና አነሳለሁ። ፎቶዎቹ ሲደራረቡ አሸዋው ይንቀሳቀሳል። ኮሌጅ ይህን ስማር ትልቅ ጥበብ መስሎኝ ነበር። ለካ በእነሱ አገር ሴቶች መሬት ላይ ቁጭ ብለው አሸዋ ላይ እየሣሉ፣ አንዱ ትዕይንት ሲያልቅ በመዳፋቸው ጠርገው ሌላውን እየጀመሩ ልጆቻቸውን ተረት ሲነግሩ ኖረዋል። አንቲ ሜቪስ ካሜራዬን አይተው «ይህ ለሚረሳ ሰው ነው» አሉና በሳቅ ፈረሱ።

መጀመሪያ ከሱቅ የገዛነው አሸዋ አልሆነም፤ ከመጠን በላይ ንጹሕ ነው፣ ጣት አይቀበልም። ከቤታችን በታች የሚወርድ ጅረት አለ፤ አባቴ ባልዲ ይዞ ተነሳ። አንቲ ሜቪስ አስቆሙት።

«ይህ የማን አገር ነው?»

«የአሜሪካ ነዋ» አለ አባቴ።

«ከዚያ በፊትስ?»

አባቴ ጭንቅላቱን አከከ። «ኧረ እኔ እንጃ እትዬ፤ እኛ ቤቱን የሰጠን ባንክ ነው።»

ሻንቴል ስልኳን ከፍታ ፈልጋ አገኘች፤ ሙስኮጊ የሚባሉት የአሜሪካ ነባር ሕዝብ አገር ነበር፣ በግዳጅ የተነሱ። አንቲ ሜቪስ ጅረቱ ዳር ቆመው ዝቅ ባለ ድምፅ በራሳቸው ቋንቋ አወሩ፤ ማን እንደሆኑ፣ ከየት እንደመጡ፣ ለምን አሸዋ እንደፈለጉ ነው የሚናገሩት አለችን ሻንቴል። አባቴ ባልዲውን ይዞ፣ ኮፍያውን አውልቆ እስኪጨርሱ ጠበቀ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን ተሳፋሪዎቹን ሁሉ «ይህ አገር የማን እንደነበር ታውቃለህ?» እያለ ሲያስጨንቅ ከረመ።

የየዕለቱን ሥራ ማታ ማታ ወደ መንደሩ እንልካለን። ሽማግሌው አይተው መልስ ይልካሉ። አንድ ጊዜ ሊንዳ አያትየዋ አሸዋውን ሲቆፍሩ ከጎን እንዲታዩ አድርጋ ያቀናበረችው ትዕይንት ተመለሰ። ከላይ ነው የሚታየው አሉ፤ የተቀመጠ ሰው የሚሣለው መሬት ላይ በሚተወው ቅርጽ ነው፣ እንደ ፈረስ ኮቴ ያለ ምልክት። ሊንዳ ወገቧ እስኪቆረጥ የሠራችውን ሥራ ያለ አንድ ቃል አፈረሰችው። ቀናሁባት፤ እንዲህ አድርጎ መታዘዝ ትልቅነት እንደሆነ ያን ቀን ነው የታየኝ።

በጸደይ መባቻ፣ የጥድ አበባ ብናኝ መኪናውን ሁሉ ቢጫ ሲቀባ፣ ፊልሙ አለቀ ለማለት በቃን። ለቅዳሜ አቮንዴል እስቴትስ በምትባለው ጎረቤት ከተማ ውስጥ አዳራሽ ተይዟል። እናቴ የእድር ሴቶችን ጠርታለች፤ አባቴ እንኳ ቅዳሜን ሥራ አልገባም ብሏል። በሳምንቱ መጀመሪያ ቀትር ላይ ስቱዲዮ ሳለን የሻንቴል ስልክ ጮኸ። ሰማችና ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ሽማግሌው አርፈው ነበር።

አንቲ ሜቪስ ያን ቀን ጉልበታቸው ብሶባቸው ቤት ናቸው። «እኔ አልነግራትም» አለች ሻንቴል እያለቀሰች። «መንገር ያለብኝ ሰው እኔ አይደለሁም።» ቤተሰቦቿን ጠየቀች፤ ቃል አታውጡ፣ ራሷ ታየዋለች አሏት። ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም። አባቴ ጋ ደወልኩ።

«መርዶ በስልክ አይነገር፣ በቀን አይነገር» አለኝ። «ዛሬ ጠብ የምትል ነገር እንዳትኖር። ጠዋት ሰው ይዤ እመጣለሁ።»

ሊነጋጋ ሲል ሳሎናችን ሞላ። የእድሩ ሰዎች ናቸው፤ ክርስቲያኑም እስላሙም፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን በሐዘን አጣፍተዋል፤ የሚያወራ የለም። አንቲ ሜቪስ ከክፍላቸው ወጡ። በሩ ላይ ቆሙና ፊቶቹን አንድ በአንድ አዩ። ሻንቴል አቀረቀረች። ምንጣፉ ላይ ወርደው ተቀመጡና ድምፃቸውን አወጡ፤ የእኛዎቹም ሴቶች ወርደው አብረዋቸው አለቀሱ። ቋንቋ ለቋንቋ የማይተዋወቁ ሰዎች እንዲህ ሲገጣጠሙ ከዚያ ወዲህም አላየሁም። ኋላ ሻንቴል ነገረችኝ፤ እነሱም አገር እንዲሁ ነው፣ ሰዉ ተሰብስቦ ዝም ሲል ነው የሚታወቀው።

እስከዚህ ድረስ ሁሉ አምሮ ነበር። ታዲያ እናቴ መኝታ ቤት ገብታ፣ አንድ ነገር ደረቷ ላይ አቅፋ ተመለሰች። የሽማግሌው ፎቶ ነው። ከሊንዳ ለምና አስልካ፣ በትልቁ ፕሪንት አስደርጋ፣ ፍሬም ገዝታለት ነበር። እኛ ዘንድ ያለ ፎቶ ምን ለቅሶ አለ? ጠረጴዛው ላይ አቆመችው።

አንቲ ሜቪስ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፍነው ወደ ግድግዳው ዞሩ። እናቴ ሐዘን የበረታባቸው መሰላት። ፎቶውን አንስታ ይበልጥ አስጠጋችላቸው።

«ይዩዋቸው እትዬ፤ ይዩዋቸውና ይውጣልዎት።»

ሻንቴል ዘላ ተነስታ ጃኬቷን ፎቶው ላይ ጣለችበት። ነገሩን ያስረዳችን እሷ ናት። በእነሱ ወግ የሞተ ሰው ስሙ አይጠራም፤ መልኩ አይታይም፤ ድምፁ አይሰማም። ቤተሰቡ ተሰብስቦ «አሁን ይሁን» እስኪል ድረስ ሦስቱም ይተኛሉ፤ ማለት ተሸፍነው ይቀመጣሉ። ለምን እንደሆነ ሁሉንም አልነገረችንም፤ እኛም አልጠየቅንም።

እናቴ አመድ መሰለች። «ምን አደረግሁ እኔ! ለቅሶ ልደርስ ወጥቼ!» አለችና ፎቶውን ከነጃኬቱ ይዛ የምታደርገው ጠፋት። አንቲ ሜቪስ ፊታቸውን ሳይገልጡ አንድ እጃቸውን ዘርግተው ፈለጓት፤ እጇን ይዘው ጉልበታቸው ላይ አሳረፉት፤ እዚያው ቆየ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ቃል አልተነፈሱም። እነሱ ዘንድ ሐዘንተኛ ሴት ለጊዜው ዝም ትላለች፤ በእጅ ምልክት ነው የምትነጋገረው፤ ያውም ሙሉ ቋንቋ ነው፣ ሻንቴልን ሲቆጡ ሳይቀር አይቻለሁ።

ኩሽና ውስጥ ንፍሮ ስናቀርብ እናቴ ድንገት ሳህኑን አስቀመጠች።

«ራሔል፣ ፎቶው እንዲህ ከሆነ ድምፃቸውስ?»

ሊንዳ አጠገባችን ቆማ ነበር። እናቴ ያለችውን ተረጎምኩላት። ሊንዳ ግን እኔ ሳልተረጉምላትም ገብቷት የነበረ ይመስለኛል፤ ማንም እንዲናገረው አልፈለገችም ይሆናል እንጂ። በጓሮ በር ወጥታ ደረጃው ላይ ቢጫው ብናኝ ውስጥ ተቀመጠች።

ቀን ላይ ለፊልሙ ድጋፍ የሰጠው ድርጅት ሰው ደወለ። ክፉ ሰው አልነበረም። ፊልሙ መግቢያ ላይ ማስጠንቀቂያ ጻፉበት አለ፤ ቴሌቪዥን ላይ ይደረጋል፣ የሟች ድምፅ አለበት ተብሎ። ካልሆነም ሻንቴል ታሪኩን በራሷ ድምፅ ታንብበው። ሻንቴል «እኔ የት ነበርኩ?» አለች። «ውኃው ሲወጣ ያየው እሱ ነው። ማስጠንቀቂያውስ ለማን ሊሆን ነው? እህቱ እዚህ ተቀምጣለች።» አንቲ ሜቪስም ሲጠየቁ በእጃቸው ወደ ሩቅ አመለከቱ፤ ቤተሰቡ ይጠየቅ ማለት ነው። ቤተሰቡ ተጠየቀ። ይተኛ አሉ። እስከ መቼ ለሚለው መልስ አልነበረም።

ልንገራችሁ፣ መታጠቢያ ቤት ገብቼ በር ዘግቼ አለቀስኩ። ሐዘኑና ፊልሙ ተደበላልቀውብኝ የትኛው የትኛው እንደሆነ አላውቅም። አንዲት ቁልፍ ብትጫን አዳራሹ ያየዋል፤ ከአትላንታ እስከ በረሃው መንደር ማን ሄዶ ያወራል? ሊንዳም ይህን ሳታስብ የቀረች አይመስለኝም። ግን ከደረጃው ተነስታ ስትመጣ ፊልሙ ያለበትን ድራይቭ ከቦርሳዋ አውጥታ ለሻንቴል ሰጠቻት።

«ከእናንተ ጋር ይሂድ» አለች። «ሲነሳ ትጠሩኛላችሁ።»

የዕድሜዋን እኩሌታ የፈጀችበትን ነገር ነው እንዲህ የሰጠችው። እኔ በቦታዋ ብሆን እሰጥ እንደሆነ አላውቅም።

እነ አንቲ ሜቪስ ለሐዘኑ ወደ አገራቸው በረሩ። ቅዳሜ ግን ደረሰ፤ ጥሪው ተበትኗል፤ ሁሉን ሰው ደውለን መመለስ አልቻልንም። አዳራሹ ሞላ። ሊንዳ ወደ ፊት ወጣች። ታሪኩን የነገሩን ሰው አርፈዋል፣ ስለዚህ ፊልሙ ዛሬ አይታይም፣ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ፣ በር ላይ ምግብ አለ፤ ይኸው ነበር ንግግሯ። ፕሮጀክተሩን ማንም አላጠፋውም፤ ሸራው ነጭ ሆኖ እያበራ ቀረ።

አሜሪካኖቹ እየተንሾካሾኩ ጃኬታቸውን መልበስ ጀመሩ። እኔ ግድግዳ ተደግፌ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር። አባቴን ላለማየት ወደ ሐበሾቹ ረድፍ አልዞርኩም። ያኔ የጎረቤታችን የእትዬ ዘሃራ ድምፅ ተሰማኝ፤ «እንሂድ እንዴ አስናቀች?» ስትል።

«ሐዘን ቤት ተመጥቶ ወንበር ሳይሞቅ ይነሳል?» አለች እናቴ።

ዞርኩ። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ተቀምጣለች። እትዬ ዘሃራ ተመልሳ ተቀመጠች። ሌሎቹም ተቀመጡ፤ ሁለት ረድፍ ሙሉ የእድር ሰው እጁን አጣምሮ፣ አቀርቅሮ። አባቴ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አኖረ። አሜሪካኖቹ እጅጌያቸው ውስጥ ግማሽ ገብተው ቆሙ፤ ተያዩ፤ አንዱ ተቀመጠ፣ ቀጥላ ሚስቱ፣ ቀጥሎ ሁሉም። ምን እንደሚደረግ የገባቸው አይመስለኝም፤ መነሳት ግን አልቻሉም። አዳራሹ ሙሉ ሰው ምንም በሌለበት ሸራ ፊት ዝም ብሎ ተቀመጠ። ስንት እንደቆየን አላውቅም። አንድ የእድሩ ሽማግሌ «ነፍስ ይማር» ብለው ሲነሱ ሁሉም ተነሳ። በር ላይ እናቴ የሊንዳን እጅ በሁለት እጇ ይዛ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አለቻት፤ ሊንዳም፣ እስከዚያች ቀን ያላለቀሰችው ሊንዳ፣ እናቴ ትከሻ ላይ ፈረሰች።

ስንመለስ አባቴ ነበር የሚነዳው። ቤት ልንደርስ ስንል «ስምሽ ነበረበት?» አለኝ።

«የት ላይ?»

«ፊልሙ ላይ።»

«አዎ አባዬ። መጨረሻው ላይ።»

«ጥሩ» አለ። መኪናውን ፓርክ አድርጎ ቁልፉን ከነቀለ በኋላም ወዲያው አልወረደም። «ከባድ ሥራ ነው የያዛችሁት» አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ልጅዎ ምን ትሠራለች ሲባል «ፊልም» ማለት ጀመረ። «የት ነው የሚታየው?» ይሉታል። «አይታይም» ይላል፣ ደረቱን ነፍቶ፤ ሰውየውን እዚያው ግራ አጋብቶ ሻንጣውን ያወርድለታል።

ዓመታት ሄዱ። እኔም ሌላ ቦታ ተቀጠርኩ፣ ሌላ ሥራ ሠራሁ። አባቴ ታሞ ብዙም ሳይቆይ ተለየን። ሳሎናችን ውስጥ ትልቅ ፎቶውን አቆምንለት፣ እንደ ወጋችን። ሻንቴል ከዚያ ሁሉ ርቀት ደወለች፤ የመጀመሪያው ጥያቄዋ «ስሙን ብጠራው ችግር አለው?» የሚል ነበር። እኛ ዘንድማ ይጠራል አልኳት፣ ጥሪው። «ታደሰ» አለች። ብዙ ሰው ብዙ አጽናንቶኛል፤ የእሷን ያህል ግን ያጽናናኝ የለም።

ዘንድሮ፣ ብናኙ እንደገና መኪናዬን ቢጫ ባደረገበት ሰሞን፣ ከሻንቴል መልእክት ደረሰኝ። ቤተሰቡ ተቀምጦ መክሮ ፊልሙ እንዲነሳ ፈቅዷል። መጀመሪያ በመንደራቸው፣ በሱቁ ግድግዳ ላይ ታየ፤ አንቲ ሜቪስ ከፊት ተቀምጠው፣ ልጆች አሸዋው ላይ ተንጋለው። ሊንዳም ተጠርታ ሄዳ ነበር። አሁን እኔም ማየት፣ ማሳየት እችላለሁ።

ይዤው ታከር እናቴ ጋ ሄድኩ። አርጅታለች፤ ጉልበቷን ያማታል። ቴሌቪዥኑ ላይ ከፈትኩላት። መስታወቱ በራ፣ የአባቴ ባልዲ ያመጣው አሸዋ ታየ፣ የአንቲ ሜቪስ ጣት ገባ። ከዚያ ድምፁ መጣ፤ ዝግ ያለ፣ እየቆየ የሚያርፍ። እናቴ የወንበሩን ክንድ ይዛ ብድግ አለች። ነጠላዋን አስተካከለች።

«ኖር!» አለች፣ ከደጅ ለገባ ትልቅ ሰው እንደሚባለው።

እኔም ተነሳሁ። ሽማግሌው ነግረው አረፍ እስኪሉ ድረስ ቆመን አደመጥናቸው። እናቴ የተነሳችው የሰው ድምፅ ስለሰማች ብቻ አይመስለኝም፤ ድምፅማ ቀኑን ሙሉ ከዚያ ሣጥን ሲወጣ ይውላል። ሰውየው ግን በወገኖቻቸው ፈቃድ፣ በራሳቸው ጊዜ ነው የገቡት። ሊንዳ ድራይቩን ሳትሰጥ ቀርታ ያን ቅዳሜ ቁልፉን ተጭና ቢሆን ኖሮ እናቴ ዛሬ የምትነሳላቸው አይመስለኝም።

ፊልሙ ሲያልቅ ስሞቹ መውጣት ጀመሩ። የመንደሩ ሰዎች ከላይ፣ ሊንዳ ከሥር፣ እኔ ከሁሉም ታች። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋች። እንግሊዝኛውን ፊደል በፊደል ነው የምታነበው። የእኔን ስም አለፈችውና ከአጠገቡ ያለውን አነበበች።

«ታደሰ» አለች።

ስሜ ያባቴን ስም ተሸክሞ እንደሚወጣ ያን ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ አላሰብኩትም ነበር፤ የሰው ሁሉ ስም እንዲያ ነው አይደል። መኪናው ውስጥ ስምሽ ነበረበት ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ እሱ አስቦት ይሁን አይሁን አላውቅም። ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር፤ ሳልጠይቀው በመቅረቴ አዝናለሁ። እነዚያ ሰዎች የሚወዱትን ሰው ስም ለጊዜው ያስተኙታል፤ እኛ ደግሞ ልጆቹ ስማችን ላይ አድርገን ይዘነው እንዞራለን። የቱ እንደሚከብድ አላውቅም፤ ሁለቱንም አከብራለሁ።

እናቴ እጄን ነካ አደረገችኝ።

«መጨረሻውን እንደገና ክፈቺው» አለችኝ። ከፈትኩላት።